ሞያ ጎድሎሃል

ሰኞ፣ መጋቢት 14

ጸጋዬ ዛሬም ደወለ። ሰላምታው ሳያልቅ "ቁንጫዋን ሽጠሻት ነይ" አለ። አዲስ አበባ ኤሌክትሪክ መኪና እንደ ጉድ ሞልቷል፤ የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ሰው መንገድ ሲሻገር ድምፅ በሌለው መኪና ይደነግጣል፤ በየጊዜው አዲስ ሞዴል ይመጣል፤ ያንቺዋ ነገ ቆርቆሮ ናት፤ እያለ ጆሮዬን አደነቆረው። እሺም አላልኩ፣ እምቢም አላልኩ። ስልክ ላይ ከባሌ ጋር አፌ ይተሳሰራል። ይሄን ደብተር የገዛሁትም ለዚህ ነው። ያልመለስኩለትን እዚህ ልመልስለት።

እንግዲህ ስማ ጸጋዬ። መኪናዬን አልሸጣትም። ጦርነቱ ሲመጣ አንተ በመተማ በኩል አገርህ ገባህ። እኔ ከቁንጫ ጋር ገዳሪፍ ቀረሁ። ካርቱም ረጋ ሲባል በየመንደሩ ሶላር ያለውን ሰው እየለመንኩ፣ እየሞላሁ፣ እያደርኩ መልሼ ያመጣኋት እኔ ነኝ። ቁንጫ ብለህ ስም ያወጣህላት ለስድብ ነበር። እኔ ስሙን ወደድኩት። ቁንጫ ትንሽ ናት፤ የነከሰችው ሰው ግን አይረሳትም።

ሲያወራ ከኋላው የሴት ድምፅ "ምሳ ቀርቧል" ሲል ሰማሁ። ቤቲ ናት፣ የአከራዬ ዘመድ፣ አለኝ። ጥሩ አከራይ አግኝቷል፤ ምሳ የሚያበላ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 16

ሙቀቱ ጀመረ። ገበያው፣ ሱቅ ዐረቢ፣ ሰው ላደርስ ሄጄ መኪና መሃል ተቀረቀርኩ። ውሃ ሻጮቹ "ሞያ ባርዳ! ሞያ ባርዳ!" እያሉ በመስኮት ሊገቡ ምንም አልቀራቸው። አንድ ጠርሙስ ጠጣሁ፣ ሌላውን አናቴ ላይ አፈሰስኩት።

እዚያው እንደቆምኩ ቻይኒቱ ተናገረች። መኪናዋ ውስጥ ያለችውን ሴት ነው የምላት። ቁንጫ ለቻይና ሰው የተሠራች ስለሆነች ጽሑፏም ንግግሯም ቻይንኛ ነው። ቀበቶ ሳላስር ትቆጣለች፣ በር ሳልዘጋ ትቆጣለች፣ እኔም በአማርኛ እመልስላታለሁ። ዛሬ ግን ቀበቶም አስሬ፣ በርም ዘግቼ ነው የተናገረችው። ረዘም ያለ ነገር ነው፣ ከዚህ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ከመሪው ፊት ያለው መስታወት ላይም ቢጫ መብራት በራ። እርጅና ነው መሰለኝ። እኔም ብቻዬን ማውራት ከጀመርኩ ሰንብቻለሁ።

አርብ፣ መጋቢት 18

አርብ የእኔ ቀን ናት። ጠዋት የሀብታሞቹ ሰፈር ካፉሪ ገብቼ በየቪላው የሚሠሩትን የእኛን ሴቶች እለቅማለሁ። ከፊሎቹን ቤተ ክርስቲያን፣ ከፊሎቹን ገበያ ወይ ዘመድ ዘንድ አደርሳለሁ፣ ሳይመሽ እመልሳለሁ። አውቶቡሱ፣ ሐፍላው ላይ ወንዱ ይለክፋቸዋል፣ ፌርማታው ላይ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ አምጪ ይሏቸዋል። እመቤቶቻቸው ደጅ የሚለቋቸው "ሴት ናት የምትነዳው" ስለተባለ ብቻ ነው። ቁንጫ ከቆመች ለእነዚህ ልጆች አርብ የሚባል ቀን የለም። ጸጋዬ ይሄን አያውቅም። ብነግረውም "አንቺ ምን አገባሽ" ነው የሚለኝ።

የፊት ወንበር የዘሊካ ነው። የወሎ ልጅ ናት፣ እስላም ናት፣ ቤተ ክርስቲያን አትሄድም፤ ግን ሁሉንም አድርሰን እስክንጨርስ ከእኔ ጋር ትዞራለች። ነዳጅ የማይሸት መኪና ውስጥ መቀመጥ በራሱ ዕረፍት ነው ትላለች።

ቀትር ላይ እንደ ልማዳችን ሐጃ ሉጥፊያ ግቢ ለመሙላት ገባሁ። ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈራችን ከእሷ ሶላር የሚበልጥ የለም። ኤሌክትሪክ መኪና ያለን ሐበሾች ሁሉ ቻርጀር ሰክተን ከፓነሉ ጥላ ሥር ቁጭ ብለን ወሬ እንጠርቃለን። ሊቀ መንበራችን አቶ ገዛኸኝ ናቸው። ማንም አልመረጣቸውም፤ ቀድመው የሚመጡትና ወንበሩን የሚይዙት እሳቸው ስለሆኑ ነው። ዛሬ ወሬው ሁሉ ምን ይሸጣል፣ ምን ይመጣል ነበር። አሁን ገበያው የያዘው፣ ቆሞ ፍሪጅ የሚያስነሳ፣ ለቤት መብራት የሚሰጥ መኪና ነው አሉ አቶ ገዛኸኝ። ከህረባ፣ መብራቱ፣ በሚጠፋበት አገር ሰው መኪና የሚገዛው ሊነዳው አይደለም፣ ሥጋውን ሊያቀዘቅዝበት ነው አሉና ሳቅን። ከዚያ ሊመጡ ነው ስለሚባሉት፦ አንዴ ተሞልቶ መደኒ ከተማ ደርሶ የሚመለስ፣ ሙቀት የማይፈራ ባትሪ ያለው፣ ሻይ ሳትጠጣ የሚሞላ።

የሞዴሎቹን ፎቶ በስልኩ ያሳየን ዛኪር ነው። ዛኪር ሲምሳር ነው፤ መኪና ያሻሽጣል፣ ቻይና፣ ጓንጁ ይመላለሳል፣ ቻይንኛ ይሰባብራል። አሮጌያችሁን ስጡኝ፣ ከዒድ አል አድሐ በኋላ በጭነት መኪና ወደብ አወርዳቸዋለሁ፣ በምትኩ አዲሱ ሞዴል ሲገባ ቀዳሚ ተራ የእናንተ ነው አለ። ወንዶቹ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ።

እኔ "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" አልኩ። አቶ ገዛኸኝ ገላመጡኝ።

እሁድ፣ መጋቢት 27። ሆሣዕና

ጫማዬን እንኳን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው።

ቁንጫ ሰሞኑን ስትሞላ ቶሎ ጠገብኩ ትላለች፣ ስትሄድ ቶሎ ይደክማታል። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነቢዩ ጋ ወሰድኳት። ነቢዩ እዚሁ የተወለደ የእኛ ልጅ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ያልፈዋል። ኤሌክትሪክ መኪና የሚያውቅ ሐበሻ መካኒክ እሱ ብቻ ነው፣ ሌሎቹ ኮፈኑን ከፍተው "ሞተሩ የታለ?" የሚሉ ናቸው። አማርኛው ግን አያድርስ ነው። ወንድና ሴት አይለይም፤ እኔን "ኻልቲ፣ እንዴት አደርክ?" ይለኛል፣ አክስቴ ማለቱ ነው።

እኔ መሪው ላይ ተቀምጬ፣ እሱ ኮፈኑን ከፍቶ ከኋላው ጎንበስ ብሎ ቆየ። ፊቱ አይታየኝም። ከዚያ በዚያ ኮፈን ጀርባ ሆኖ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

"ኻልቲ፣ ሞያ ጎድሎሃል።"

አልሰማሁም መስሎኝ ምን አልክ አልኩት።

"ሞያ ጎድሎሃል። ሞያ ካልጨመርክ ባትሪው ይሞታል።"

ሥራ ፍለጋ የመጡ አምስት ስድስት ወንዶች ጥግ ይዘው ሻይ ይጠጣሉ። አንዱ ሳቀ። ስንት ዓመት የነዳሁ ሴትዮ! ገዳሪፍን ያቋረጥኩ ሴትዮ! አንተ ነህ ለእኔ ሞያ የምትነግረኝ አልኩት። እሱ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ቀና ብሎ፣ ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ ከፈለግክ እኔ እጨምርልሃለሁ አለኝ። መንዳት ሊያስተምረኝ! ኮፈኑን ራሴ ጠርቅሜ ወጣሁ። ጣቱን ለትንሽ ነው ያዳነው።

ይሄ ቃል ለምን እንዳመመኝ አውቃለሁ። ከጸጋዬ ጋር እዚሁ ካርቱም ሁለት ምግብ ቤት በነበረን ጊዜ፣ ወጥ ቀጠነ ብሎ በደንበኛ ፊት "ምን ላድርግ፣ ሞያ የላትም" አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሞያ የሌላት ሴት ማለት ምን ማለት እንደሆነ የእኛ አገር ሰው ያውቀዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ ነው ወጥ ቤቱን ለእሱ ትቼ መሪ የጨበጥኩት። አሁን መሪው ላይም ተከትሎኝ መጣ።

ነቢዩ ደጅ ሁለተኛ አልረግጥም። ምን ቆርጦኝ።

ሚያዝያ 4። ፋሲካ

ክርስቶስ ተንሥአ። ቁንጫ ግን ወድቃለች። ካፉሪ ደርሼ ስመለስ ባትሪዋ ሲያልቅ የሚበራው የኤሊ ምልክት በራ። ማቀዝቀዣ አጥፍቼ፣ መስኮት ከፍቼ፣ እንቁላል የተሸከምኩ ይመስል ቀስ ብዬ ነው የነዳሁት። ሞያ ይሄ ነው ነቢዩ። እስቲ ይሄንን አምጣው።

ቻይኒቱ መንገዱን ሙሉ ስትለፈልፍ ዋለች። ያንኑ ያንኑ። ልጆቹ ምንድን ነው የምትለው ቢሉኝ እንኳን አደረሳችሁ ነው አልኳቸው።

ጸጋዬ "እንኳን አደረሰሽ" ለማለት ደወለ። ዶሮ እየበላ ነው። ማን ሠራልህ አላልኩትም።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 15

የውሃ ጋሪው ሽማግሌ ዛሬ ሳይመጣ ቀረ። ግቢው ውስጥ አንድ ጀሪካን ሞያ ለመግዛት ሰልፍ፣ ጭቅጭቅ። ፊቴን በተረፈ ሻይ ልታጠብ ምንም አልቀረኝ።

ሐጃ ሉጥፊያ ግቢ ደግሞ ዛኪር ሳላስበው በመስኮቴ አንገቱን አስገባ። ቻይኒቱ እየተናገረች ነበር። እስቲ አንተ ታውቃለህ፣ ምን ትለኛለች አልኩት። ጆሮውን አቁሞ ሰማ፣ ቢጫውን መብራት አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ከንፈሩን መጠጠልኝ።

"ባትሪው አርጅቷል፣ በቅርቡ ይቆማል ነው የምትለው፣ እትዬ ብርቅነሽ። አላህ ያጽናሽ።"

ስለ ሬሳ ነው የሚያወራው። በዚህ ሁኔታ ማንም አይገዛልሽም፣ እኔ ግን ስለ ሐበሻነት እወስድልሻለሁ አለ። ዛኪር እንግዲህ ክፉ ሰው አይመስለኝም፤ ማንም ያልነገረኝን እሱ ነገረኝ። ነቢዩ ሞያሽ ነው አለ፣ ዛኪር ባትሪሽ ነው አለ። የዛኪር ይሻለኛል። ባትሪ ቢያረጅ የእኔ ጥፋት አይደለም።

አይ፣ ይሄን እንደገና ሳነበው አልወደድኩትም። ግን አልሰርዘውም።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 27

በዓል ስለሆነ የወጡትን ሴቶች ወደ ካፉሪ ስመልስ ድልድዩ ላይ ቆመች። መሃል ላይ። ፀሐይ አናት ላይ። ከኋላ ጥሩንባ። አንዱ ወታደር መጣ፣ ሳቀ፣ ገፋልኝ። ዘሊካና ሌሎቹ ወርደው በቀሚሳቸው ገፉ። አንዷ ጫማዋ ተበጠሰ። ሁሉም አርፍደው ገቡ። የአንዷ እመቤት ከእንግዲህ አትወጪም ብላታለች።

ከቀዘቀዘች በኋላ ራሷ ተነሳች። ለምን? አላውቅም። ደጄ ላይ ስትቆም፣ ከጥላ ሥር ስታርፍ ደኅና ናት።

ደከመኝ። ልተኛ።

አርብ፣ ግንቦት 7

አቶ ገዛኸኝ መኪናቸውን ለዛኪር አስረከቡ። ጭነት መኪናው እስኪመጣ አያስፈልገኝም፣ ከአሁኑ ልልመደው ብለው ነው። በሐፍላ እየተጋፉ መጥተው ወንበራቸውን ያዙ። ቻርጀር የሚሰኩት ነገር ስለሌላቸው ስልካቸውን ሰኩ። ይሄ ሁሉ ሆኖ ስለሚመጣው ሞዴል ነው የሚያወሩት፣ ወንበሩ ይቀዘቅዛል፣ ጣራው ብርጭቆ ነው እያሉ። ካርቱም ውስጥ የብርጭቆ ጣራ! በግንቦት! ዳቦ አድርገው ነው ወይ የሚጋግሩን አልኩ። ያልሳቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።

እትዬ ብርቅነሽ፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል አሉኝ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራልም ይባላል አልኳቸው። ተረት በተረት ተመታተን ተለያየን።

ዘሊካ ተመልሶ ነቢዩ ይያት አለች። ስሙን አታንሺብኝ አልኳት። ምን አደረገሽ ብትለኝ፣ ሰው ፊት አዋረደኝ ብቻ ብዬ ዘጋሁ። ያንን ቃል በአፌ መድገም አልችልም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 12

እሺ አልኩ።

ዛሬም በዓል ነበር፤ ጠዋት ካፉሪ መድረስ አቃታት። ሴቶቹ በር ላይ ቆመው ጠብቀው፣ ጠብቀው ገቡ። ስልኬ ላይ ተራ በተራ "ምን ሆንሽ?" ይላሉ። ወደ ዛኪር ደወልኩና እሺ፣ ከዒድ በኋላ ሰኞ አመጣታለሁ አልኩት። ማሻላህ አለ። ለጸጋዬም ነገርኩት። ደስታው! ስልኩን ይዞ ከክፍል ወጥቶ ነው ያወራኝ፣ በሩ ሲዘጋ ሰምቻለሁ። ሽጠሽ የምታገኚውን ቀድመሽ ላኪልኝ፣ እዚህ ቤት ይዤ ልጠብቅሽ አለኝ። ቤት የለህም ወይ፣ አከራይህስ? አልኩት። ጠባብ ነው አለ፣ ሰው በዝቷል።

የቸገረው ዱቄት ከነፋስ ይጠጋል። ያለ ቁንጫ እኔ እዚህ ምንድን ነኝ? በሃምሳ ዓመቴ ሰው ቤት ገብቼ ሰሐን ላጥብ? ወይስ ጸጋዬ ደጅ ሻንጣ ይዤ ልቁም?

ፈራሁ። ተጻፈ በቃ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 19። ዒድ

ለዘሊካ በስልክ ዒድ ሙባረክ አልኳት። እመቤቷ ሥጋ ሰጥታታለች፣ ግማሹን ለእኔ አስቀምጣለች፤ የምታመጣበት መንገድ ግን የላትም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይሄኔ ሁላችንም አንድ ላይ ነበርን። ሰኞ ቁንጫን ስትሰጪ አብሬሽ እሄዳለሁ፣ ብቻሽን አትሂጂ አለችኝ። ለመኪና ለቅሶ ደራሽ አያስፈልግም አልኳት። አልሰማችኝም።

ሰኞ፣ ግንቦት 24

ይሄን በዝርዝር እጽፈዋለሁ። አንድም ሳይቀር።

ዘሊካ ፈቃድ ጠይቃ በሐፍላ መጣች። ቁንጫ ሌሊቱን ቀዝቅዛ አድራ ጠዋት ደኅና ተነሳች፣ እንደ በሽተኛ የመጨረሻ ቀን። ዛኪር ወዳለበት ሱቅ ዐረቢ ቀስ ብለን ስንሄድ ቻይኒቱ ጀመረች። ዘሊካ ጉልበቷ ላይ የያዘችውን ውሃ እየተጎነጨች፣ ለመሆኑ ነቢዩ ምን ብሎሽ ነው አለችኝ። ከእንግዲህ ምን ቀረኝና ነው የምደብቀው። ነገርኳት።

"ሞያ ጎድሎሃል አለኝ። ሞያ ካልጨመርክ ባትሪው ይሞታል አለኝ። እኔን! በወንዶች ፊት!"

 ዘሊካን ዞር ብዬ ሳያት አፏ ውስጥ ያለውን ውሃ መዋጥ አቅቷት ጉንጯ ተነፍቷል። ዋጠችና የያዘችውን ጠርሙስ አፍንጫዬ ሥር አመጣችው።

"አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ በዐረብኛ ምንድን ነው?"

"ሞያ" አልኩ።

 ሞያ። በየቀኑ የምገዛው፣ የምጠጣው፣ የምሰለፍበት ሞያ። ሱቅ ዐረቢ በመስኮቴ የሚጮኽብኝ ሞያ። አማርኛ ሲያጥረው በዐረብኛ የሚሞላ ልጅ፣ እኔን አንተ የሚል ልጅ፣ መኪናሽ ውሃ ጎድሎታል ነው ያለኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፣ የእኔ ጆሮ ግን ባዳ ሳይሆን የጸጋዬ ተላላኪ ነው የነበረው። ዘሊካ እየሳቀች አለቀሰች። እኔ መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ከዚያ ሳቅኩ፣ ከዚያ መሪውን አዞርኩት።

ነቢዩ ስገባ እጁን ጠርጎ ቆመ። ይቅርታ ልጠይቅ አስቤ፣ ያላ፣ ሞያ ጨምርልኝ ብቻ አልኩት።

"ኻልቲ፣ ሞያ አልኩህ፣ ኸላስ፣ በቃ ሄድክ" አለ፤ አዝኖ ነው እንጂ ተቆጥቶ አይደለም።

ኮፈኑን ሲከፍት በዚህኛው ጊዜ ወርጄ አየሁ። ትንሽዬ ላስቲክ ጋን አለች፣ ባዶዋን ቀርታለች። ባትሪውን የሚያቀዘቅዘው ውሃ በውስጧ ነበር የሚዞረው። አንዲት ቱቦ ላልታ፣ ጠብ፣ ጠብ እያለ አልቋል። ለዚህ ነው በጥላ ደኅና የነበረችው፣ በፀሐይ የምትወድቀው። ቱቦዋን አጠበቀና የተጣራውን ሞያ ከጀሪካን ቀድቶ ሞላት። ከመሙላቱ በፊት ግን ቻይኒቱ ስትለፈልፍ ስልኩን አፏ ላይ ደቀነ። ስልኩ የሰው ቋንቋ ይተረጉማል፤ በዐረብኛ ጻፈለት። አነበበልን፦ የማቀዝቀዣው ውሃ አንሷል፣ እባክዎን ይጨምሩ።

እባክዎን! ከሁለት ወር በላይ በትሕትና ስትለምነኝ ኖራለች። እኔ እንኳን አደረሳችሁ ነው የምትለው እያልኩ።

ከዚያ ዛኪር ትዝ አለኝ። ጆሮውን አቁሞ የሰማው ዛኪር፣ ከንፈሩን የመጠጠልኝ ዛኪር። ክፉ ሰው አይመስለኝም ብዬ እዚሁ ደብተር ላይ ጽፌለታለሁ። አልሰርዘውም ብያለሁ፣ አልሰርዘውም። ይቀመጥልኝ።

ዘሊካ ወደ ቤት እንሂድ ብትለኝ አይሆንም አልኩ። ሱቅ ዐረቢ ሄድን። ጭነት መኪናው ቆሟል፣ የአቶ ገዛኸኝ መኪና ላዩ ላይ ታስራለች። ዛኪር አረፈድሽ ብሎ በመስኮት ተጠጋ።

"ዛኪር፣ ያቺን ሴትዮ እንደገና ተርጉምልኝ" አልኩት።

ጆሮውን ሰጠ። ምንም የለም። ቢጫውም መብራት የለም።

"ዝም ብላለች" አለ።

"አዎ። ውሃ ጠጥታ።"

ፊቱ ሲለዋወጥ ለማየት ብቻ እዚያ ድረስ መሄዴ አይቆጨኝም። አቶ ገዛኸኝ ከኋላ ቆመው ሰምተዋል። ወደ ጭነት መኪናው ቀና ብለው አዩ፣ ከዚያ ገመዱን ፍቱልኝ ብለው ጮኹ። ዛኪር ወልላሂ ቢል፣ አዲሱ ሞዴል ቢል፣ የብርጭቆ ጣራ ቢል፣ ሽማግሌው ገመዱን ራሳቸው መፍታት ጀመሩ። አውርደውላቸዋል። ነቢዩ ጋ ላክኋቸው፣ እሳቸውም ምናልባት ሞያ ጎድሏቸው ይሆናል።

አርብ፣ ግንቦት 28

ጠዋት ልወጣ ስል ጸጋዬ ደወለ።

"ሸጥሻት?"

"አልሸጥኳትም። ሞያ ጎድሏት ነበር፣ ጨመርኩላት።"

ሳቀ። ያንን የምግብ ቤቱን ሳቅ። "አንቺ ሞያ ከየት አምጥተሽ?"

ይሄኔ ከኋላው ሕፃን አለቀሰ። ሴቲቱ እሹሩሩ አለችው። ጸጋዬ የማን ልጅ እንደሆነ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። ከመጋቢት ጀምሮ አውቀዋለሁ። አከራይ ምሳ አያበላም፣ አከራይ በፋሲካ ዶሮ አይሠራም፣ ሰው ለአከራዩ ዘመድ ሲል በር ዘግቶ አያወራም። ነገሩ ዓይኔ ሥር ነበር፣ እንደ ቢጫው መብራት። መብራቱን አይቼ እንዳላየ መንዳት ነው የመረጥኩት።

"ለቤቲ ሰላም በልልኝ" አልኩት። "ባለሞያ ናት መሰለኝ፣ ምሳው በሰዓቱ ይቀርባል። ቤት የምትይዝበትን ከእኔ አትጠብቅ።"

 በስልክ አፉ የተሳሰረው በዚህኛው ጊዜ እሱ ነው።

"ብርቅነሽ…" አለ በመጨረሻ።

"ያላ፣ ሴቶቹ እየጠበቁኝ ነው" ብዬ ዘጋሁት።

አለቀስኩ ወይ? አለቀስኩ። እስከ ድልድዩ ድረስ፣ ዓይኔን በሻሼ እየጠረግኩ። ያን ሁሉ ዓመት አብሬው በልቻለሁ፣ አብሬው ተሰድጃለሁ፤ ድንጋይ አይደለሁም። ድልድዩ ላይ ስደርስ ግን ቁንጫ ማቀዝቀዣዋን ለቃ፣ ኤሊውንም ሳታበራ፣ ያኔ የቆመችበትን ቦታ ሽው ብላ አለፈችው። ቻይኒቱ ትንፍሽ አላለችም። ዝምታው ትንሽ ከበደኝና እኔው በአማርኛ አወራኋት።

ካፉሪ ሴቶቹ በር ላይ ቆመው ነበር፤ ያቺ አትወጪም የተባለችውም አለች፣ እመቤቷ ራሷ ሸኝታት። ዘሊካ እንደ ልማዷ ቀድማ ፊት ወንበር ላይ ዘላ ገባች። ቀዝቃዛ ጠርሙስ ይዛለች፣ ላብ ይንጠባጠብበታል። ፊቴን አየችና ጠርሙሱን ዘረጋችልኝ።

"ሞያ አምጥቻለሁ" አለች።

"ለመኪናዋ ነው ለእኔ?"

"አንቺ ጠጪው። የእሷ ሞልቷል።"

ጠጣሁ።